ፈተናው ራሱ ኃጢአት ነውን? ስለ ግብረ ሰዶም፣ ስለ ኑዛዜና ስለ ንስሐ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ
ከ፦ የሰንበት አገልጋይ

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። በአዲስ አበባ በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በማስተማር አገለግላለሁ። ይህን ጥያቄ ለማቅረብ የተነሣሁት አብሮን የሚያገለግል አንድ ወጣት ለማንም ያልነገረውን ነገር አምኖ ስለ ነገረኝና መልስ እስካገኝለት ጊዜ እንዲሰጠኝ ስለ ጠየቅሁት ነው። እንዳይታወቅ ስል ስለ ማንነቱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ወጣቱ ከጉርምስናው ጀምሮ የሚስበው ወደ ተመሳሳይ ፆታ እንደሆነ፣ ይህን ዝንባሌ ፈልጎ ያመጣው እንዳልሆነ፣ በጾምና በስግደት እንዲወገድለት ለዓመታት ቢለምንም እንዳልተወገደለት ነግሮኛል። ድርጊቱን ግን አልፈጸመም። ቤተ ክርስቲያን ግብረ ሰዶምን ኃጢአት ብላ ማስተማሯን ይቀበላል፤ እኔም እቀበላለሁ፤ ስለዚህ ትምህርቱ ይለወጥ የሚል ጥያቄ የለኝም። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ያልፈጸመውን ድርጊት እንዴት ይናዘዛል? ዝንባሌው ራሱ ኃጢአት ከሆነ፣ ማለዳ ሲነቃ አብሮት የሚነቃውን ነገር ተሸክሞ ንስሐ ገብቻለሁ ማለት ይችላልን? ኃጢአት ካልሆነስ ስለ ምን ራሱን ከሰው ሁሉ የረከሰ አድርጎ ያያል? ከቅዱስ ቁርባን የራቀው ማንም ከልክሎት ሳይሆን በዚሁ ምክንያት ነው።

ለንስሐ አባቱ እንዳይናገር፣ ካህኑ የቤተሰቡ ሁሉ ንስሐ አባት ናቸው፤ በየበዓሉ ወደ ቤት ይመጣሉ፣ ጸበል ጻዲቁን ከእናቱ እጅ ይቀምሳሉ። ምሥጢሩን ያወጡብኛል ብሎ አይደለም የሚፈራው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ዓይናቸውን ማየት እንደማይችል ይሰማዋል። ወላጆቹ ደግሞ ምንም ሳያውቁ እንዲያገባ ያጣድፉታል፤ እርሱም «ምናልባት ትዳር ያድነኝ ይሆናል» ማለት ጀምሯል። ይህ አሳሰበኝ።

በቅዱሳት መጻሕፍትና በአባቶች ትምህርት ላይ ቆማችሁ እንድትመልሱልኝ እለምናለሁ። የምትጽፉትን እርሱ ራሱ ያነበዋልና ቃላችሁን መዝናችሁ ጻፉ።

መልስ
ከ፦ የአባቶች ርስት

እኅታችን፣ የልብዎን ቅንነት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ይህ ጉዳይ በአደባባይ ሊነሣ የሚገባው አይመስለኝም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 1 የጻፈው ግልጽ ነው፤ የሰዶምና የገሞራ ፍርድም ለሚመጣው ትውልድ ምሳሌ ሆኖ ተቀምጧል። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ያስቀጣል። ዛሬ «ዝንባሌ ነው፣ አልመረጥሁትም» ብለን በርኅራኄ የተቀበልነው ነገር ነገ «መብት ነው» ተብሎ እንዴት እንደሚመለስ በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት አይተናል። በእኔ እምነት ወጣቱ ከአገልግሎት ገለል ሊል፣ እርስዎም ለደብሩ አስተዳዳሪ ሊያሳውቁ ይገባል። ይህን የምለው ጠልቼው አይደለም፤ በሥሩ ያሉት ሕፃናት እንዳይሰናከሉና ቅድስናው ያልተነካ ቤት ለልጆቻችን እንድናወርስ ስለምመኝ ነው።

መልስ
ከ፦ ዲያቆን ዘደብረ ሊባኖስ መንገድ

እኅታችን፣ በቅድሚያ ወጣቱ እርስዎን መምረጡ ስለ እርስዎ ብዙ ይናገራል። ከላይ የጻፉት ወንድማችንም ስለ ቤተ ክርስቲያን ቅድስና የተቆረቆሩትን አከብራለሁ፤ በመፍትሔአቸው ግን አልስማማም፤ ምክንያቴን ቀስ ብዬ እገልጻለሁ።

ስለ ትምህርቱ ማብዛት አያስፈልገኝም፤ ጠያቂዋም ወጣቱም ተቀብለውታልና። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ስለ ጋብቻ ሲጠየቅ ወደ ፍጥረት መጀመሪያ ተመልሶ፣ ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ፈጠራቸውና ሁለቱ አንድ ሥጋ እንደሚሆኑ አጸና። ከዚህ አንድነት ውጭ የሚፈጸም ሩካቤ ሁሉ ኃጢአት ነው፤ በወንድና በሴት መካከል የሚፈጸመውና እኛ በሠርግም በመጠጥ ቤትም እየሳቅን የምናልፈው ዝሙት ጭምር። ኦሪት ዘሌዋውያን 18፥22ም ሆነ የጳውሎስ ቃል በዚህ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ሰው በምኞቱ ሲሳብና ሲታለል እንደሚፈተን ከተናገረ በኋላ፣ ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን እንደምትወልድ ይጽፋል። መሳብ አንድ ነገር ነው፤ መፅነስ ሌላ፤ መውለድም ሌላ። የበረሃ አባቶች ይህን በራሳቸው ላይ መርምረው በዝርዝር አስተምረውታል። በደብረ ሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ዘሰዋስው የሐሳብን አካሄድ በደረጃ ሲለይ፣ መጀመሪያ ሐሳቡ ሳይጠራ ይመጣል፤ ከዚያ ሰው ከሐሳቡ ጋር ይነጋገራል፤ ከዚያ ይስማማል፤ ከዚያ ይማረካል፤ በመጨረሻም ሐሳቡ ልማድ ሆኖ ነፍስን ይገዛል። የመጀመሪያውን ደረጃ ኃጢአት አላለውም። ተጠያቂነት የሚጀምረው ፈቃዳችን ሲገባበት ነው። ጌታ «የተመኛትም ሁሉ» ብሎ የፈረደው ዓይኑን አሳርፎ በፈቃዱ ለሚመኝ ነው እንጂ ሳይፈልግ ሐሳብ ለመጣበት አይደለም። እርሱ ራሱም፣ የዕብራውያን መልእክት እንደሚለው፣ ከኃጢአት በቀር በነገር ሁሉ እንደ እኛ ተፈትኗል፤ ፈተና ራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ይህ ቃል ሊጻፍ ባልቻለ ነበር።

እንግዲህ ይህ ወጣት ሳይጠራው ስለ መጣበት መሳብ አይናዘዝም። የሚናዘዘው እንደ ማንኛችንም ነው፤ ሐሳቡን አስቀምጦ ያጫወተበትን ሰዓት፣ ዓይኑን ያሳረፈበትን ምስል፣ እንዲሁም ደግሞ እግዚአብሔርን «ስለ ምን እንዲህ አደረግኸኝ» ብሎ ያኮረፈበትን፣ ከሁሉም በላይ ተስፋ የቆረጠበትን። ፈተናውን ለካህን መንገሩ ግን እጅግ ይጠቅመዋል፤ ቁስሉን ያላየ ሐኪም መድኃኒት አያዝዝምና። ከዚያ በኋላ በካህኑ ፈቃድ ወደ ቅዱስ ቁርባን ይቅረብ። ውጊያው እስኪያልቅ ድረስ ከቁርባን የሚርቅ ሰው ለውጊያው የተሰጠውን ስንቅ ትቶ የሚዘምት ነው።

መነኩሴው ዮሐንስ ካስያን ከግብፅ ገዳማት ሰምቶ የመዘገበውን አንድ ታሪክ ለዚህ ወጣት ማስነበብ እፈልጋለሁ። አንድ ወጣት መነኩሴ በፍትወት ሐሳብ ተጨንቆ ወደ አንድ አረጋዊ ሄዶ ተናዘዘ። አረጋዊው ተቆጥቶ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያደረበት ሰው የመነኩሴ ስም አይገባውም ብሎ አዋርዶ አሰናበተው። ወጣቱም ተስፋ ቆርጦ ወደ ዓለም ሊመለስ መንገድ ጀመረ። አባ አጶሎ በመንገድ አግኝቶት ፊቱን አይቶ ደጋግሞ ቢጠይቀው ነገሩን ነገረው፤ አባ አጶሎም «እኔም በዚህ ዕድሜዬ በዚሁ እፈተናለሁ» ብሎ አጽናንቶ፣ ለአንድ ቀን ወደ በዓቱ እንዲመለስ ለመነው። ከዚያ ወደ አረጋዊው በዓት ሄዶ በእንባ ጸለየ፤ የጸለየውም ያ ፈተና ወደ አረጋዊው እንዲዞርና በእርጅናው ለደካሞች ማዘንን እንዲማር ነበር። አረጋዊው ወዲያው እንደ ሰከረ ሰው ወጣ ገባ እያለ፣ ወጣቱ በሄደበት በዚያው መንገድ ወደ ዓለም ሲሮጥ ተገኘ። አባ አጶሎም አስቁሞ፣ የተቀጠቀጠን ሸምበቆ የማይሰብረውን ጌታ አስታወሰው።

ወንድማችን የአባቶች ርስት፣ ለአስተዳዳሪ ይነገር ያሉትን በዚህ ታሪክ ብርሃን እንዲያዩልኝ እለምናለሁ። የወንጀል ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ይህ ልጅ ደግሞ ድርጊቱን አልፈጸመም፤ በኃጢአት እንዳይወድቅ የሚዋጋ ነው። በሕፃናት ላይ አደጋ ያደርሳል ብሎ መጠርጠርም ያለ ምክንያት ነው፤ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም በደል ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው፣ በየትኛውም ሰው ቢፈጸም ሊደበቅ አይገባም፤ ከዚህ ልጅ ጋር ግን አይገናኝም። አምኖ የነገረንን ሰው አሳልፈን ብንሰጥ ሌሎቹ የሚማሩት ቅድስናን አይደለም፤ ዝም ማለትን ነው። የእኛው የሙሴ ጸሊም ታሪክም አለ። በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ አንድ ወንድም በድሎ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ አባ ሙሴ ውኃ የሚያንጠባጥብ ዕቃ ተሸክሞ መጣ፤ ምንድን ነው ቢሉት «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ ግን አላየውም፤ ዛሬ በሌላው ላይ ልፈርድ መጥቻለሁ» አላቸው። ሰኔ 24 በምናከብረው አባት ፊት ይህን ረስተን መቆም አንችልም።

ስለ ትዳሩ በግልጽ ልናገር። ጋብቻ ምሥጢር ነው፤ ሙሽራይቱም የማንም መድኃኒት ልትሆን አልተፈጠረችም። ሳታውቅ የምትገባ ልጅ፣ ባሏ ስለ ምን እንደሚርቃት ሳይገባት፣ ጥፋቱን በመልኳና በጠባይዋ እየፈለገች ዕድሜዋን ትጨርሳለች። እንዲህ ዓይነት ቤቶች በየሰፈሩ አሉ፤ የምትሰቃየውም ሴቲቱ ናት። አንድን ኃጢአት ለማምለጥ በታቦት ፊት ሰውን ማታለል ንስሐ አይባልም። አንድ ቀን ከልቡ ሊያገባ ቢወድ፣ ከእጮኛው ሳይደብቅ፣ በንስሐ አባቱ ምክር ይሁን። ቤተሰቡ ስለ ቸኮሉ ግን ፈጽሞ አይሁን።

መልስ
ከ፦ ስደተኛው

የምኖረው በስዊድን ነው፤ የዲያቆኑን መልስ በአክብሮት አንብቤአለሁ። ይሁን እንጂ ክርስቲያን ሁሉ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል እንደሌለው መናገር ተገቢ ይመስለኛል። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2009 ተመሳሳይ ፆታ ያላቸውን ጥንዶች ለማጋባት ወስናለች። እዚህ የማውቃቸው ካህናት ጳውሎስ የተቃወመው በዘመኑ የነበረውን ጌቶች ባሮችን የሚያረክሱበትን ነውርና የጣዖት ቤት ርኵሰትን እንጂ በመተማመን አብረው የሚኖሩትን አይደለም ይላሉ። እኔ ራሴ ገና አልተረታሁም። ነገር ግን አንድ ወጣት ያልመረጠውን ነገር ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን ብቻውን ይኑር ማለት ለምንናገረው ለእኛ ቀላል፣ ለእርሱ ግን እጅግ ከባድ መሆኑን ሳንሸሽ እንድንመልስ እጠይቃለሁ።

መልስ
ከ፦ የመካነ ኢየሱስ ምእመን

ስደተኛው ያነሡት እኛን በቀጥታ ይነካል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ባደረገችው 19ኛ ጠቅላላ ጉባኤ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ከሚገኘው የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት ያቋረጠችው በዚሁ ጉዳይ ነው። ለዘመናት የቆየ ወዳጅነት፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ በጋራ የተሠራበት ኅብረት ነበር፤ የጌታን እራት አብሮ መካፈልን እስከ ማቆም ደረሰ። ውሳኔውን ያኔም ደገፍሁ፣ ዛሬም እደግፋለሁ። በጳውሎስ ዘመን ባሮች መበደላቸው እውነት ነው፤ ሐዋርያው ግን በሮሜ 1 ክርክሩን የሠራው በጌታና በባሪያ ግንኙነት ላይ ሳይሆን በፈጣሪና በፍጥረት ላይ ነው፤ «እርስ በርሳቸው» በምኞት እንደ ተቃጠሉ የሚጽፈውም የአንድ ወገን በደልን አያመለክትም።

ይህን ካልሁ በኋላ የራሳችንን ጉድለት ልናገር። ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ በየማኅበረ ምእመናናችን እንዲህ ላለው ወጣት ምን አዘጋጀን? በውጭ አገር ላሉት የሚነገር ጠንካራ አቋም አለን፤ አጠገባችን ለሚያለቅሰው የሚነገር ቃል ግን የለንም። ሮሜ 1ን በመድረክ ላይ ጮኸን እናነባለን፤ «ስለዚህ፣ አንተ የምትፈርድ ሰው ሁሉ ሆይ፣ የምታመካኘው የለህም» የሚለው የምዕራፍ 2 መጀመሪያ ለሌላ እሑድ ይቀራል፣ ጳውሎስ ግን ሳይተነፍስ ነው የቀጠለው። ወንድማችን የጠቀሱት የሰዶም ታሪክም እንዲሁ ነው፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 16 የሰዶምን በደል ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ እንጀራ መጥገብንና የድሀውን እጅ አለማበርታትን ያስቀድማል፤ ርኵሰቱንም ከዚያ አስከትሎ ይጠቅሳል።

ከዲያቆኑ ጋር በአንድ ነጥብ እንለያያለን፤ ልዩነቱን መሸፈን አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1530 የቀረበው የሉተራናውያን የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ በሁለተኛው አንቀጹ ከአዳም የወረስነውን ክፉ ዝንባሌ ራሱን ኃጢአት ይለዋል። ስለዚህ እንደ ሉተራናዊ «ዝንባሌህ ንጹሕ ነው» ልለው አልችልም። ነገር ግን ይህ ትምህርት ወጣቱን ከሰው ለይቶ አያስቀምጠውም፤ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ከእኔ ጋር ያስቀምጠዋል። ወደ ባልንጀራው ሚስት የሚያዘነብለው ልብ፣ ገንዘብ ሲያይ የሚንቀጠቀጠው እጅ፣ ሰው ሲመሰገን የሚቃጠለው አንጀት ከዚያው ምንጭ ነው፤ በክርስቶስ ላመነውም አይቈጠርበትም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 6 ከወንድ ጋር ዝሙት የሚሠሩትን ከሌቦች፣ ከገንዘብ ወዳዶችና ከተሳዳቢዎች ጋር በአንድ ዝርዝር አስፍሮ ሲያበቃ፣ «ከእናንተም አንዳንዶቹ እንደ እነዚህ ነበራችሁ፤ ነገር ግን ታጥባችኋል» ይላል። ታጥበው በዚያች ጉባኤ አብረው ይቀመጡ የነበሩትንም ስማቸውን እየጠራ አላሳፈራቸውም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ጸልይ፣ ዝንባሌህ ይለወጣል» የሚል ተስፋ በፍጥነት እንዳይሰጠው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሰዎችን ከዚህ ዝንባሌ ለማላቀቅ ይሠራ የነበረው ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የተባለ የክርስቲያኖች ድርጅት በ2013 ተዘግቷል፤ መሪውም ያገኟቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዝንባሌያቸው እንዳልተለወጠ መስክረው፣ በተስፋው ለተጎዱት በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። እግዚአብሔር አይችልም አልልም። እርሱ ያልሰጠውን ተስፋ በስሙ የሚሰጥ ሰው ግን፣ ተስፋው በዘገየ ጊዜ የወጣቱን እምነት አብሮ ያፈርሳል። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር።

መልስ
ከ፦ ካቶሊካዊ አንባቢ

አጭር ነገር ልጨምር። በእኛ በኩል የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1546 ከጥምቀት በኋላ የሚቀረው ምኞት ካልተስማሙበት በቀር በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ ወስኗል፤ በዚህ ከዲያቆኑ ጋር እንገናኛለን። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ትምህርተ ክርስቶሳችንም ድርጊቱን ከማውገዝ ሳያፈገፍግ፣ በቁጥር 2358 ዝንባሌው ያለባቸው ሰዎች በአክብሮት፣ በርኅራኄና በጥንቃቄ ሊያዙ እንደሚገባ፣ ያለ አግባብ ማግለል ሁሉ ሊወገድ እንደሚገባው ያዝዛል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ መጻፋቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ አንዱን ብቻ መርጦ የሚያነብ ሰው ትምህርቱን በግማሽ ነው የያዘው።

መልስ
ከ፦ ስሙን ያልጻፈ ወንድም

የምኖረው በሰሜን አሜሪካ ነው፤ ኦርቶዶክሳዊ ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ ከውጭ ሆኜ አልጽፍም። ወጣቱ የሚያነበው ከሆነ የምለው ለእርሱ ነው።

ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። እኔም በአንተ ዕድሜ ሳለሁ ለአንድ ካህን ብነግራቸው ደንግጠው «ይህን ቃል ሁለተኛ ከአፍህ እንዳታወጣ» አሉኝ፤ ቀጥሎም ጋኔን ነው ተባለና በብዙ ሰው ፊት ጠበል ተጠመቅሁ። ጠበልን አልነቅፍም፤ እስከ ዛሬ በጠበል እባረካለሁ። ያቆሰለኝ ሰው ሁሉ በክፍት ዓይን እያየኝ ጋኔኑ እንዲለፈልፍ መጠበቁ ነው። የማላውቀውን ነገር እንድናገር ተገደድሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከኑዛዜ ሸሸሁ፤ ሸሽቼም ወደቅሁ። ወደ ኃጢአቱ የገፋኝ ሌላ ሰው አይደለም፣ ፈቃዴ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የምመለስበት በር ያለ አልመሰለኝም ነበር።

በኋላ ያገኘኋቸው አባት አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ ናቸው። ሁሉንም ሰምተው የመጀመሪያ ጥያቄአቸው «ምግብ በደንብ ትበላለህ? ትተኛለህ?» የሚል ነበር። ቀኖና ሰጡኝ፤ እንደ ማንኛውም ዝሙት የሠራ ሰው ጾም፣ ስግደት፣ መዝሙረ ዳዊት፤ በተለይ 50ኛውን መዝሙር። የተለየ አላደረጉብኝም፤ ያ ነገር ምን ያህል እንዳሳረፈኝ ልገልጸው አልችልም። ቀኖናዬን ፈጽሜ ቆረብሁ።

ስደተኛው የጠየቁትን ጥያቄ ግን ማንም በሙሉ አልመለሰውም። ብቻውን መኖር ከባድ ነው። እኔ ላለማግባት ወስኛለሁ፣ ይህንንም ለክርስቶስ ስል የተቀበልሁት እንጂ የተፈረደብኝ አድርጌ አላየውም። ነገር ግን በእኛ ማኅበረሰብ ያላገባ ምእመን ቦታ የለውም። ወይ ሙሽራ ወይ መነኩሴ መሆን አለብህ። በየክርስትናውና በየሠርጉ «መቼ ነው የምንበላልህ?» ስትባል ትውላለህ፤ ለምን እንዳላገባህ የሚጠረጥሩህ ሰዎች አሉ፤ ለፋሲካ ጾሙን የምትፈታበት ቤት ትፈልጋለህ። «ገዳም ግባ» የሚሉህም ይኖራሉ፤ ጥሪ ኖሮህ ካልሆነ አትስማቸው፤ ገዳም የሚገባው ወደ እግዚአብሔር ለመሄድ ነው፣ ፈተናም ገዳም ድረስ ይከተላል፣ አባ አጶሎን አንብብ። ለእኔ ያስቻለኝ አንድ የጽዋ ማኅበር ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ ታሪኬን ያውቃሉ። የአንደኛው ልጅ የክርስትና ልጄ ናት። በዓል ሲሆን ወዴት እሄዳለሁ ብዬ አልጨነቅም። እናንተ ትምህርቱን የምትጠብቁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን መስቀል ተሸከም ስትሉት ቤታችሁንም ክፈቱለት፤ ያለዚያ ጌታ የነቀፋቸውን፣ ከባድ ሸክም በሰው ትከሻ ጭነው በጣታቸው እንኳ የማይነኩትን ትመስላላችሁ።

ዝንባሌው ሄደልህ ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ አልሄደም፤ ቀልሏል። አንዳንድ ጾም በሰላም ያልፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጦርነት ነው። እንዲህም ሆኖ ንስሐዬ እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም።

መልስ
ከ፦ የአባቶች ርስት

የመጨረሻውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ትምህርቱ ያለኝ ስጋት እንዳለ ነው፤ ለአስተዳዳሪ ይነገር ያልሁት ግን ይቅር። ወንድማችን በጸሎትዎ ያስቡኝ።

መልስ
ከ፦ የሰንበት አገልጋይ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወጣቱ ሁሉንም አንብቦታል፤ የትዳሩን ነገር ለወላጆቹ «አሁን አይደለም» ብሏቸዋል። ለመናዘዝም ፈቃደኛ ሆኗል። የቀረው ጥያቄ የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው፤ የቤተሰቡን ካህን ትቶ ወደ ሌላ ቢሄድ ይፈቀድለታልን? ቤተሰቡስ ቢጠይቁት ምን ይበል? አንዳንድ ሌሊት «ባልፈጠር ይሻለኝ ነበር» እንደሚልም ነግሮኛልና ስለዚህም ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ
ከ፦ ዲያቆን ዘደብረ ሊባኖስ መንገድ

ከመጨረሻው ልጀምር። «ባልፈጠር» የሚለውን ቃል እንደ ተራ ምሬት አይለፉት፤ ራሱን ስለ መጉዳት ያስብ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። አዎ ካለ በዚያች ሌሊት ብቻውን አይደር፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂድ። ሐኪም ዘንድ መሄዱ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ለሐኪሙ የሚነግረውም ጭንቀቱንና እንቅልፍ ማጣቱን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለ ንስሐ አባት፣ ምእመን በበቂ ምክንያት ሌላ ንስሐ አባት መያዝ ይችላል። ልማዱ የቀድሞውን አባት አስፈቅዶና ተባርኮ መለየት ነው፤ ምክንያቱን መዘርዘር ግን አይጠበቅበትም፤ «ለሥራዬ በሚቀርበኝ ደብር መናዘዝ እፈልጋለሁ» ቢል በቂ ነው፣ እውነትም ከሆነ ይበልጥ ደግ ነው። ለወላጆቹም ይኸው ይበቃቸዋል። አዲሱን አባት ሲመርጥ አይቸኩል። ስብከታቸውን ይስማ፤ ስለ ወደቁ ሰዎች ሲናገሩ ድምፃቸው እንዴት እንደሆነ ያስተውል፤ መጀመሪያ ስለ ሌላ ኃጢአቱ ተናዝዞ አያያዛቸውን ይይ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ብዙ ኑዛዜ የሰሙ መነኮሳት በአብዛኛው በቀላሉ አይደነግጡም። ካህን የኑዛዜን ምሥጢር እንዳያወጣ በቀኖና የተከለከለ መሆኑንም ደጋግመው ይንገሩት።

በሚሄድበት ቀን ከፈለገ እስከ ቅጥሩ ይሸኙት። ሲመለስ ምን ተባልህ ብለው አይጠይቁት፤ ምሳውን ግን አብረውት ይብሉ።